ሂን ጂሩ

ደገፋ ከቤቱ የወጣው ሐሙስ ጧት ነበር። ዓመቱ ሁለት ሺህ ስምንት፣ ወሩ ታኅሣሥ፤ ሰበታ ዳር ያለውን ሣር ሁሉ ውርጭ አንጥቶት ነበር። ከግቢው ከመውጣቱ በፊት ቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ መሬቱን አየ። ያየው የልጁን ዱካ ነው።

ዲሪርሳን የወሰዱት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ከተማሪዎቹ ሰልፍ ሮጦ መጥቶ ፊቱን እየታጠበ ሳለ ገቡበት። ጭቃው ላይ የቀኝ ጫማው ቁልጭ ብሎ ቀርቷል፤ ሶሉ መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ሸራ ጫማ። ጣቱ በኩል ጠልቋል፣ ተረከዙ መሬት አልነካም። ደገፋ ዕድሜውን የአውሬ ዱካ ሲያነብ የኖረ ሰው ስለሆነ ይህንን ማንም እንዲያነብለት አላስፈለገውም። ልጁ ሊሮጥ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የቦቲ ጫማ ነው። የዲሪርሳ እግር ደግሞ አንድም ቦታ መሬት አልረገጠም። ተሸክመውት ነው የወጡት።

ሚስቱ ወርቅቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ከማክሰኞ ወዲህ አንድም ነገር በአፏ አልዞረም።

«ልጅ ታስሮ አደን ይኬዳል?» አለችው።

«ለእሱ ብዬ ነው የምሄደው። ነገርኩሽ እኮ።»

«ነገርከኝ። አሁንም ግን አልገባኝም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤታቸው በስተ ምዕራብ ያለችው የገብስ ማሳቸው ላይ ቀያሾች መጥተው ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተክለው ሄዱ። ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር ለደገፋ ያ ችካል ነበር፤ ከዚያ የበለጠ የነገረው ሰው የለም። ዲሪርሳ ችካሉን አንድ በአንድ ነቅሎ ጅረቱ ውስጥ ጣለው። ሰልፍ የወጣው ብዙ ነው፤ ችካል የነቀለው ግን በስም ይታወቅ ነበር። ደገፋ ረቡዕ ዕለት ቡራዩ ድረስ ሄዶ አቶ ሀብተወልድን ለመነ። አቶ ሀብተወልድ ቡራዩ ላይ ትልቅ ቤት ሠርቶ የገባ የአዲስ አበባ ሰው ነው። አደን ይወዳል፤ ደገፋንም ከሁለት ዓመት በፊት መንገድ መሪ አድርጎ ወስዶት ያውቃል። ልጁ ካለበት ጣቢያ ኮማንደር ጋር ደግሞ ይበላል ይጠጣል።

«አንቱ ኦቦ ደገፋ፣» ብሎት ነበር ትከሻውን ይዞ፣ «እንዳይጨነቁ። ኮማንደሩ ሳሎኑ ውስጥ የድኩላ ቀንድ ሊሰቅል ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለምነኝ ነው የኖረው። አሁን ባዶ እጄን ሄጄ ልጅ ልቀቅልኝ ብለው እግሬም አይታዘዝልኝም። ቀንዱን ይዤ ስገባ ግን ሌላ ወሬ ነው። ፈቃዱ በእጄ ነው፣ ሎጁን ይዣለሁ። አብረን እንሂድ። ቅዳሜ ድኩላ፣ እሑድ ልጅዎ!»

ደገፋ እሺ አለ። ሊለው የሚገባውን ግን አላለም። እዚያ ጫካ ውስጥ ድኩላ ካለቀ መቆየቱን ያውቃል። ባለፈው ዓመት በኅዳር ያየው አንድ ብቻ ነበር። ሽማግሌ ወንድ ነው፣ ጀርባው እንደ ከሰል የጠቆረ፣ የግራ ቀንዱ ጫፍ የተሰነጠቀ። ስሙንም ራሱ ነው ያወጣለት፤ ጥቁሩ። በአርባ ዓመት ሥራው የሌለ አውሬ አለ ብሎ ሰው ወስዶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ያለው ሁሉ ያ አንድ ድኩላ ነው።

«ስልኩን ላንቺ ትቼዋለሁ፣» አላት ወርቅቱን። «ወሬ ካለ ነገሳ ይደውልልሻል።» ነገሳ ጎረቤታቸው ነው፤ የዲሪርሳ ክርስትና አባት።

ከቡራዩ ሲነሡ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ፣ የተቃጠለ ጎማ እየጨሰ ነበር። ሀብተወልድ መኪናውን በድንጋዩ መሐል እያሽከረከረ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ይራገማል። ሱሉልታ መግቢያ ላይ ወጣቶች እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። ሀብተወልድ ፊቱ ነጣ። ደገፋ መስኮቱን አውርዶ ብቅ አለና በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ አላቸው።

«አካም ቡልታን ኢጆሌ?»

ወጣቶቹ ሽማግሌ ሲያዩ ረገብ አሉ። «ናጋዳ ኦቦ። ወዴት ነው በዚህ ቀን?»

«ድኩላ ልናድን ነው።»

አንደኛው፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመው፣ ጓደኞቹን ዞር ብሎ አየና ሳቀ። «ድኩላውን ካዳናችሁት በኋላ ወደ እኛም ብቅ በሉና አድኑን!»

ሁሉም ሳቁ። ድንጋዩን ገለል አድርገው አሳለፏቸው። ደገፋም ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ሻርፕ የጠመጠመው ልጅ ጫማውን ሲያነሣ ሶሉን አየና መስኮቱን መልሶ ዘጋ። አዲስ ነው፤ አልተሰነጠቀም።

ሎጁ ከጫንጮ ወርዶ፣ የሙገር ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ነው። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለው መንገድ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መግቢያው ላይ የነብርና የድኩላ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ቆሟል፤ ነብሩን ፀሐይ ልጦት ድመት መስሏል። ሙቅ ውኃ አለ የተባለው የለም። ጄኔሬተሩ ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት ይነሣል የተባለው ተበላሽቷል። ጥዱ ከአፋፉ ጀምሮ እየተቆረጠ ለከሰል ሄዶ ጫካው ላይ የራሰ በራ ሰው ጭንቅላት የመሰለ ገላጣ ወጥቷል። ሥራ አስኪያጁ እጁን እያሻሸ «እንስሳቱ ዝቅ ብለው ነው፣ ውኃው አካባቢ» አለ።

ሠራተኛ እንግዳ ወዳለበት አዳራሽ አይገባም፤ የቤቱ ደንብ ነው። ደገፋ የሚበላውም የሚቀመጠውም ወጥ ቤት ነው። ወጥ ቤቷ የሺወርቅ የምትባል የደብረ ብርሃን ሴት ናት፤ ከመጣች ስድስት ወሯ ነው፣ ኦሮምኛ ገና ትማራለች። ስልክ የሚሠራው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሩብ ሰዓት ሽቅብ ተወጥቶ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ድንጋዩን «ቴሌ» ይሉታል። የሺወርቅ በቀን ሁለቴ ቴሌ እየወጣች ከልጇ ጋር ታወራለች።

«የእኔን ቁጥር ለቤትዎ እናስይዝ፣» አለችው ታሪኩን ስትሰማ። ያን ቀን አብረው ወጥተው ለነገሳ ቁጥሯን ነገሩት። ነገሳ «እስካሁን ምንም የለም ኦቦ፣ ምግብ አንቀበልም አሉን እንጂ» አለ። ምግብ አለመቀበላቸውን ደገፋ ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስል አደረ።

ዓርብ ገና ጎሕ ሳይቀድ ደገፋ ብቻውን ወደ ምንጩ ወረደ። ሥራው እንዲህ ነው፤ መሪው ቀድሞ ያያል፣ ተመልሶ ላዳኙ ይነግራል። ጭቃው ላይ የላም እግር አለ፣ የፍየል አለ፣ የከሰል አክሳዮች የጎማ ጫማ አለ። ቁጥቋጦው ስር እጁን እየሰደደ በጠጥ ፈለገ። ያገኘው የፍየል ነው። ሲመለስ ሀብተወልድ ጠመንጃውን ታቅፎ፣ የሱፍ ኮፍያውን እስከ ጆሮው አውርዶ ቆሞ ነበር።

«እህስ ኦቦ?»

«ሂን ጂሩ።» አፉ የለመደው ነው፤ ሲደክመው ኦሮምኛው ይቀድመዋል።

«ምን ማለት ነው?»

«የለም ማለት ነው ጌታዬ። ጂራ ካልን፣ አለ ነው። እዚህ አለም ይሆናል፣ በሕይወት አለም ይሆናል። ሂን ጂሩ ስንል ደግሞ የለም።»

«ታዲያ ድኩላው ሞቷል ነው ወይስ ሌላ ቦታ ሄዷል?»

«እሱን ዱካው ነው የሚነግረን።»

ሀብተወልድ ሳቀ። ቃሏ ጣመችው። ያን ቀን ደገፋ ገደል ለገደል ሲያዞረው፣ ሀብተወልድ በየተራራው ጫፍ መነጽሩን ከዓይኑ ባወረደ ቁጥር «ሂን ጂሩ!» እያለ ይጮኻል፤ ገደሉም ይመልስለታል። ከሰዓት በኋላ አንድ የጭላዳ መንጋ አፋፉ ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ አገኙ። ትልቁ ወንድ ሰዎቹን አየት አድርጎ ፊቱን አዞረ።

«ይሄ እንኳ ንቆናል፣» አለ ሀብተወልድ።

«ነገ እናገኛለን ጌታዬ።»

«አንቱ ያሉትን ነው የምሰማው እንግዲህ።»

ቅዳሜም ደገፋ ወረደ። በዚህኛው ቀን ምንጩን አልፎ፣ ጥቁሩን ባለፈው ዓመት ያየበት ድረስ፣ እስከ ወይራው ጥግ ሄደ። ድኩላ መንገዱን አይለውጥም። በለመደው ይመጣል፣ በለመደው ይሄዳል፤ ሽማግሌ ሲሆን ደግሞ የባሰበት ነው። የወይራው ቅርፊት ላይ ቀንዱን የሚያሽበት ቦታ ነበር። ደገፋ እጁን አኖረበት። ሽበት የመሰለ ነገር በቅሎበታል፤ ከክረምት ወዲህ ቀንድ አልነካውም። መሬቱ ላይ ሸረሪት ድሯን ከግንድ ግንድ ዘርግታ፣ ጤዛው ድሩ ላይ እንዳለ ነው። ማንም አላለፈበትም።

እዚያው ተንበረከከ። ደገፋ ለአውሬ ጸልዮ አያውቅም ነበር። አሁን «ና፣» አለ በኦሮምኛ፣ በለሆሳስ። «አንተ ሽማግሌ ነህ፣ ኖረሃል። እሱ ገና ሃያ አልሞላውም።»

ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ።

ሲመለስ ሀብተወልድ ፊቱን አይቶ ሳይነገረው ገባው። ጠመንጃውን መኪናው ላይ ወረወረ።

«ሦስት ቀን! ሦስት ቀን በፍየል በጠጥ ላይ ስታንከራትተኝ! አለ ብለኸኝ እኮ ነው የመጣሁት። ና ግባ፣ እዚህ ሥራ አስኪያጅ ተብዬ ፊት ትነግረኛለህ!»

ደገፋ አንቱታው መቅረቱን ልብ አለ። አልከፋውም። የከፋው፣ አሁን የሚሄደው አንቱታው ብቻ አለመሆኑ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ገባ።

ሥራ አስኪያጁ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ይምላል ይገዘታል። ሀብተወልድ ይጮኻል። ደገፋ ግን ሁለቱንም አልሰማም። ከምድጃው በላይ፣ ሀብተወልድ ሁለት ማታ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሞቅበት ከነበረው ወንበር ራስ ላይ፣ አንድ የድኩላ ቀንድ ተሰቅሏል። ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብለጨልጫል። የግራው ጫፍ ተሰንጥቋል።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለ ደገፋ።

ሁለቱም ዞረው አዩት።

«እሱ…» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «እሱ የቆየ ነው።»

«አልቆየም። ባለፈው ዓመት በኅዳር እዚያ ወይራ ስር ቆሞ አይቼዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ መሬት መሬት አየ። በሐምሌ የከሰል ሰዎች ወጥመድ ውስጥ መግባቱን፣ ሥጋውን እነሱ መብላታቸውን፣ ቀንዱን ሎጁ መውሰዱን ቀስ በቀስ አወጣው። «እንግዳ ሲመጣ ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን ብለን ነው።»

ደገፋ ቀና ብሎ አየው። ሁለት ቀን ሙሉ የሞተ አውሬ ሲከተል ነበር። ለሞተ አውሬ ነው ዛሬ ጧት ና ያለው።

ሀብተወልድ አፉን ከፍቶ ቀንዱን አየ፣ ደገፋን አየ፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሰ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ጭንቅላቱ ስር ተቀምጬ ነው እኮ ጫካ ለጫካ የምፈልገው! በል አውርደው። ቀንድ ቀንድ ነው። ኮማንደሩ ማን ገደለው ብሎ አይጠይቀኝም።»

በደገፋ አገር ሰው ያልገደለውን ቀንድ አይሸከምም። ወጥመድ የያዘውንማ እጅም አያስነካውም። አባቱ ቢሆን ተፍቶ ይወጣ ነበር። ደገፋ ግን ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ምስማሩን በጣቱ ፈለቀቀ፣ ቀንዱን አወረደ፣ አቧራውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። እንደ ሕፃን ታቅፎት ሀብተወልድን ተከትሎ ወደ ቴሌ ወጣ።

ሀብተወልድ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ሞክሮ በአራተኛው ገባለት።

«ኮማንደር! እንዴት ነህ ጌታው… ይዤልሃለሁ፣ አዎ፣ እንዴት ያለ ቀንድ መሰለህ… ስማኝማ፣ አንድ ልጅ ነበረ፣ ዲሪርሳ ደገፋ የሚባል… ዲሪርሳ… እ?… የለም?… እንዴት የለም… እሺ። እሺ እሺ። ገባኝ።»

ስልኩን አወረደና ጥቂት አየው።

«ምን አለ ጌታዬ?»

«እኛ ጋ የለም ነው የሚለው። ቸኩሏል፣ አላናገረኝም። የለም አለኝ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ለቀውታል ማለት ነዋ! ሌላ ምን ማለት ይሆናል?»

ደገፋ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ለቀውታል የምትለዋን ቃል ጮክ ብሎ ሊላት ፈራ፤ እንዳትበርርበት።

ሲወርዱ የሺወርቅ ወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትጠብቃቸው ነበር።

«ኦቦ ደገፋ፣ ረፋዱ ላይ ለልጄ ልደውል ወጥቼ ያ ነገሳ የሚሉት ሰው ደውሎ አገኘኝ። እርስዎ ጫካ ነበሩ። አማርኛ ያውቅ የለ? ዛሬ ግን በኦሮምኛ ብቻ ነው የተናገረኝ። ‹ዲሪርሳ ሂን ጂሩ በይልኝ› አለ። ሁለቴ አስደገመኝ። ‹ቶሎ ይምጣ› አለ።»

«ሂን ጂሩ?» አለ ደገፋ። «ዲሪርሳ ሂን ጂሩ?»

«እንደሱ ነው ያለኝ። ምን ማለት ነው?»

«የለም ማለት ነው!» አለ ደገፋ፣ ሳቁ አመለጠው። «ጣቢያው ውስጥ የለም! ኮማንደሩም የለም አለ፣ ነገሳም የለም አለ። ወጥቷል! ልጄ ወጥቷል!» ቀንዱን መሬት ላይ አኑሮ የሴትዮዋን ሁለት እጆች ይዞ ሳመ።

የሺወርቅ እጇን አልሳበችም። ፊቷ ግን እሱ እንደጠበቀው አልበራም።

«ድምፁ ግን ኦቦ…»

«ነገሳ ጉንፋን አያጣውም!» አላትና ቀድሞ ወደ ውስጥ ለገባው ሀብተወልድ ሊነግር ሮጠ።

እዚህ ላይ ደገፋ የሚያውቀውን ሁሉ ረስቶ ነበር። መርዶ በስልክ እንደማይነገር ያውቃል። ሞተ የሚባል ቃል በሩቅ ላለ ሰው አይላክም፤ «ታሟል» ይባላል፣ «ቶሎ ይምጣ» ይባላል፣ ከዚያ ቤቱ ሲደርስ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይነገረዋል። እሱ ራሱ ለስንቱ ሰው እንዲህ አድርጎ መርዶ አድርሷል። የጭቃ ላይ ዱካ ቢሆን ባንድ እይታ ያነበው ነበር። ይህ ግን የሚፈልገው ነገር ሆነና ሳያነብ አለፈው።

መንገዱ ስለተዘጋ ቅዳሜን እዚያው አደሩ። እሑድ ጧት ሲነሡ የሺወርቅ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ አመጣችለት። መኪናው ሊነሣ ሲል አስቁማ ተመለሰች፣ ጨርቁን ፈትታ ሌላ ዳቦ ጨመረች፣ ከዚያም ሌላ።

«ለሁለት ሰው ይሄ ሁሉ?» አላት።

«ሰው ይመጣል፣» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

በመንገድ ሙሉ ደገፋ አወራ። ለልጁ የሚለውን ነገር እየተለማመደ ነበር። ቁጣ ይሻላል ወይስ ዝም ብሎ መሳም? ችካሉን ስለ መንቀሉስ ምን ይበለው? ደግሞ፣ አለ፣ ማሳው የሄደ ይሂድ፤ ተፍኪ አካባቢ የሚስቱ ወንድሞች መሬት አላቸው፣ ልጁን እነሱ ጋ አሰንብተው ነገሩ ሲበርድ ይመልሱታል። አዲስ ጫማም ያስፈልገዋል። ሀብተወልድ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም፣ አንድ ሁለቴም «እህ» ብቻ አለ። ኮማንደሩ እንዴት ባለ ድምፅ «የለም» እንዳለው የሰማው እሱ ብቻ ነው።

ቡራዩ ላይ አወረደው። «እንኳን ደስ አለህ ኦቦ ደገፋ። ቀንዱን እኔው ጋ ላስቀምጠው፤ ልጁ ከወጣ ለኮማንደሩ ምን ያደርግለታል።» መኪናው ሲሄድ የተሰነጠቀው ቀንድ በኋላ መስታወቱ ታየው። ሳሎኑ ውስጥ ሲሰቅለው ለሰው ምን ብሎ እንደሚያወራበት ደገፋ ገምቷል። ግድ አልሰጠውም።

ወደ ሰበታ የሚሄድ ሚኒባስ አልነበረም። በወጨጫ ግርጌ፣ በእግር መንገዱ፣ ዳቦውን በትከሻው አንጠልጥሎ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ተጓዘ። ድካም አልተሰማውም። መንደሩ ጫፍ ላይ ከልጅነቱ የሚያውቃቸው አንዲት አሮጊት እንጨት ተሸክመው ሲመጡ አየና ገና ከሩቅ ሰላምታውን ጀመረ። አሮጊቷ አዩት። ከመንገዱ ወጥተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

እንጨቱ ከብዷቸው ይሆናል አለ።

በሩ ጋ ሲደርስ ግን አቧራው ላይ የተጻፈው ነገር እንዲያልፍ አልፈቀደለትም።

መጀመሪያ ያየው ብዛቱን ነው። ከግቢው የገባ የሰው እግር፣ ስፍር ቁጥር የሌለው፤ ቆዳ ጫማ፣ ጎማ ጫማ፣ ባዶ እግር። የሚሮጥ አንድም የለበትም። ለደስታ የመጣ ሰው ጣቱ ላይ ይረግጣል፣ ይቸኩላል። እነዚህ ሁሉ ቀስ ብለው፣ ተረከዛቸውን ጥለው ነው የገቡት። ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄዱ አራት ሰዎች አሉ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ እርምጃቸው እኩል። ተረከዛቸው ጠልቋል። እየተቀያየሩ የሚሸከሙ ሌሎች ከጎን ገብተውበታል። አንደኛው ነገሳ ነው፤ ግራ እግሩን ወደ ውጭ ይጥላል። እነዚያው እግሮች ሲመለሱም አሉ፤ ሲመለሱ አይጠልቁም። ቀልለዋል።

ከእነሱ ኋላ የወርቅቱ እግር ነበር። ባዶ እግሯን ናት። ሁለት መስመር መሬቱን ጭሮ ይሄዳል እንጂ ርምጃ የለውም፤ ግራና ቀኝ ይዘዋት ነው የሄደችው።

ደገፋ ዳቦውን አጥሩ ስር አስቀመጠ። ማንም ሳይነግረው ሁሉንም አነበበ። ትላንት ነው፤ የዱካው ጠርዝ መፍረስ ከጀመረ አንድ ቀን ሆኖታል። ጧት አራት ሰዓት ገደማ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ። ያን ጊዜ እሱ የት ነበር? ከወይራው ስር ወደ ሎጁ ሲመለስ።

ቀና ሲል ድንኳኑን አየ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ አይተውት ተነሥተዋል፤ ማንም ግን አልቀደመም። በመጨረሻ ነገሳ ወጣ። ደገፋ ፊት ቆሞ እጁን የሚያደርግበት አጣ።

«ዓርብ ማታ ነው የሰጡን፣» አለ። «ቶሎ ቅበሩ አሉን። ልንጠብቅዎ ለመንን፣ እምቢ አሉ። መርዶ በስልክ እንዴት ብዬ… ምን ልበል ኦቦ? ሂን ጂሩ አልኩ።»

ደገፋ መልሶ ወደ ዱካው አየ።

«በትክክል ነው የነገርከኝ፣» አለ ኋላ። «እኔ ነኝ ያላነበብኩት።»

ይህንን ብሎ ነው የጮኸው። ያን ጩኸት የሰማ ሰው አሁንም ስለ እሱ አያወራም።

ጥር ላይ ነገሳ ሬዲዮኑን እንደያዘ መጣ። «ማስተር ፕላኑ ቀረ አሉ ኦቦ። ቀርቷል።» ደገፋ ከቧንቧው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። «ቀረ?» አለ። «አዎ፣ ቀረ።» ማሳው ላይ አዲስ ችካል አልተተከለም፤ ገብሱን ግን ያን ዓመት ማንም አላጨደውም፣ ከነፍሬው ረገፈ።

ደገፋ አደን መምራት አቁሟል። ቀኑን የሚያሳልፈው ቧንቧው ዘንድ ነው። ያች የቀኝ ጫማ ዱካ፣ ጣቷ የጠለቀ፣ መሐሏ የተሰነጠቀ፣ ጭቃው ደርቆ እንደ ሸክላ ይዟታል። እንቅብ ደፍቶባታል። ዶሮ እንዳትጭርባት፣ ሰው እንዳይረግጣት። ወርቅቱ መጀመሪያ ሰሞን ልታስተወው ሞክራ ነበር። አሁን ውኃ ስትቀዳ እንቅቡን ዞራ ታልፋለች። አንዳንድ ጊዜ፣ ብቻዋን መሆኗን ስታረጋግጥ፣ ከፍ አድርጋ አይታ መልሳ ትደፋዋለች። ደገፋ ይህንን ከእግሯ ዱካ ያውቃል፤ አይነግራትም።

መጋቢት ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። አቶ ሀብተወልድ ነው። ድምፁ ደስ ብሎታል።

«ኦቦ ደገፋ! አንቱ ጠፉ እኮ። አዲስ ቦታ አግኝቻለሁ፣ በዚህኛው እውነተኛ ድኩላ አለ ይላሉ። ያ ቀንድ ሳሎኔ ውስጥ ነው፣ የሚያየው ሁሉ ይደነግጣል። ልጅዎስ እንዴት ነው?»

ደገፋ እንቅቡን እያየ ነበር።

«የለም፣» አለ።

«ወጣ ብሏል? ወጣት አይደል፣ ምን ይደረግ! ሲመለስ ሰላም ይበሉልኝ።»

«እሺ፣» አለ ደገፋ።

ስልኩን ጭኑ ላይ አኖረ። ከወጨጫ በኩል የጠቆረ ደመና መጥቶ የመጀመሪያው ጠብታ እጁ ላይ አረፈ። ተነሥቶ ጋቢውን አወለቀ፣ አጥፎ እንቅቡ ላይ ደረበው፣ ራሱም ጎንበስ ብሎ ከለለው። ዝናቡ ጀርባውን ደበደበው። ከላይ አንዲት ጠብታ አላሳለፈም።

ውኃው ግን የመጣው በመሬት ነው። ከነገሳ ግቢ፣ በአጥሩ ስር፣ ቀጭን መስመር ሆኖ፣ ቦይ ሳይኖረው መንገዱን እየፈለገ መጣ። ደገፋ በእጁ አፈር እየዛቀ ገደበ። በአንድ በኩል ሲገድበው በሌላ ገባ። ከዚያ እንቅቡ ስር ገባና በወዲያኛው በኩል ደፍርሶ ወጣ።

ወርቅቱ ከበሩ ሆና ታየው ነበር። ግባ አላለችውም። ዝናቡ ሲያባራ መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና፣ እንቅቡን ማን እንደሚያነሣው ሁለቱም ይጠብቁ ጀመር።